የአውሬው ቀኝ ቀንድ

ወደ ጀርመን የሄድኩ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ትታ ጥፍሮቼን ስትፈትሽ አመሸች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ በቀጨኔ ድስቷን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ጭቃ ሳልነካ ተምሬ ጸሐፊ እንድሆን ነበር የለፋችው፤ ተደብቄ ጭቃ ስለውስ ባገኘችኝ ቁጥር ትቆነጥጠኝ ነበር።

ከየት ነሽ ሲሉሽ ምን ትያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ጉለሌ እላለሁ አልኳት፤ ደስ አላት። ክፍለ ከተማው ሰፊ ነው፣ ብዙ ይሸፍናል። ቀጨኔ ያልኩ ጊዜማ ሽማግሌ ሊልክ የነበረው የእጮኛዬ ቤተሰብ «ከቡዳ አንጋባም» ብሎ ቀርቷል።

ጀርመን ውስጥ ዘርሽን የሚጠይቅ የለም ተብዬ ነበር። እውነት ነው፤ የሚጠይቁት ወረቀት ነው። አከራያችሁ የት እንደምትኖሩ ፈርሞ ሲመሰክር ብቻ የሚገኝ፣ አንሜልዱንግ የሚባል የነዋሪነት ምዝገባ አለ። እሱ ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ የሚያከራይ የለም። ቀበሌን ያማችሁ ሁሉ ንስሐ ግቡ።

በመጨረሻ ሄር ቮልፍ የሚባሉ ጡረተኛ አንድ ክፍል አከራዩኝ። ክፍሉ ውስጥ ቀድሞኝ የገባ ነበር፦ ከአንድ የተረት ፊልም የወጣ የአውሬ ጦረኛ ሐውልት፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ፣ የከርከሮ ፊት፣ ሁለት ጥቁር ቀንድና መጥረቢያ ያለው። የተሠራው ጥቂት ስለሆነ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል አሉ። ኮንትራቱ ስለ እኔ ግማሽ ገጽ፣ ስለ እሱ ሁለት ገጽ ነበር፤ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ብርድ እንዳያገኘው። እኔም ብርድ አልወድም ብላቸው፣ «እርስዎ ጃኬት መልበስ ይችላሉ» አሉኝ በአክብሮት። ወረቀቱን የሚፈርሙልኝ ከወር በኋላ፣ የአውሬውን ደህንነት አይተው ነው።

ችግሩ የቆመው በምሥራቅ በኩል መሆኑ ነው። የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው፤ በየጠዋቱ ለከርከሮ መስገድ ስለከበደኝ ነጠላዬን አለብሰው ጀመርኩ። ፊርማው ስድስት ቀን ሲቀረው ነጠላውን ስስብ ክሩ ቀንዱ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ አውሬው ተገለበጠ። ቀኝ ቀንዱ ደቀቀ። ለዘመድ ያልደቃሁትን ደረት ለእሱ ደቃሁ።

ከዚያ ወንዝ ዳር ወርጄ ጭቃ ቆፈርኩ። በአሸዋ ለወስኩት፣ ቀንድ አድርጌ አበጀሁት፣ በጠጠር አለሰለስኩት፣ ለአውሬው በተከፈተው ማሞቂያ አደረቅሁት። ሄር ቮልፍ ገበያ ሲወጡ በጓሮው የሥጋ መጥበሻቸው ተኮስኩት፤ ትኩስ እንዳለም በቅጠል አፍኜ እንደኛ ሰፈር ድስት አጠቆርኩት። እጄ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ማን እንዳስተማረው ግን ከእናቴ ቁንጥጫ በቀር ትዝ የሚለኝ የለም።

በፊርማው ቀን ሄር ቮልፍ መጥተው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። አዲሱ ቀንድ ከግራው ይበልጥ አምሮ ነበር፤ ያጋለጠኝም እሱ ነው።

«ይህን ማን ሠራው?»

ጸሐፊ ነኝ ብዬ ነበር የተከራየሁት። ለመዋሸት ደግሞ ጀርመንኛዬ አልደረሰም።

«እኔ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔም ነኝ።»

ይህን በአፌ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እንትፍ እስኪሉ ጠበቅሁ። እሳቸው ብዕር አውጥተው ፈረሙ። በሳምንቱ የወዳጆቻቸውን ስብርባሪ አውሬ ሁሉ ተሸክመው መጡ፤ አሁን ኑሮዬ ቀንድና ጥርስ መቀጠል ነው። ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ኪዩንስትለሪን ይሉኛል፤ የጥበብ ሰው ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት።

«እዚያስ ምን ይሉሻል?» አለችኝ።

«ኪዩንስትለሪን ይሉኛል፣ እማዬ።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ስድብ ነው?»

ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መልሴን እየጠበቀች ነበር።