ለሰላምታ የተሄደች እርምጃ

በአርባ ሦስት ዓመቴ ለሁለተኛ ዲግሪ ጅማ ስገባ የክፍሌ ልጆች «ማዘር» አሉኝ። አልከፋኝም። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ድልድይ ንዝረት ነበር። ድልድይ መኪና ካለፈበት በኋላ ለጥቂት ሴኮንድ ይንቀጠቀጣል፤ አንቀጠቃቀጡን የለካ ሰው ድልድዩ ጤነኛ ይሁን የደከመ ያውቃል። መለኪያውን የተዋስሁት ግን ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ካልተሳካልኝ ምርቃቴ ለከርሞ ሊያድር ነው።

ጅማ አቅራቢያ ካለችው የቡ ከተማ ወጣ ብላ ያለች፣ ቡና የጫኑ መኪኖች የሚመላለሱባት ትንሽ ድልድይ መረጥሁ። መለኪያውን ወለሏ ላይ አጣብቄ፣ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ ዳር ተቀመጥሁ። እዚያው አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

«ድልድይዋን እየመረመርኋት ነው» አልኋቸው። ስህተቴ ይህ ነው።

ከዘራቸውን ይዘው መንገዱ መሐል ቆሙ። የመጣውን ሾፌር ሁሉ፣ «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በል። ሕመምተኛ ናት፣ ሐኪሟም ይቺውና» ይሉታል። ሾፌሩም ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው በቀስታ ገብቶ፣ መስኮቱን አውርዶ፣ የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቆ፣ በቀስታ ይወጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስክሪኑ ላይ ያገኘሁት በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር ብቻ ነበር።

«አባባ፣ እንደ ልማዳቸው ይለፉልኝ።»

«እንግዳ ፊት? ነውር ነው፣ ልጄ።»

«እነሱ ካልፈጠኑ እኔ አልመረቅም።»

ትንሽ አሰቡበት። «እንግዲያው ተደበቂ። ሰው ካላዩ አነዳዳቸው ሌላ ነው።»

ከድልድይዋ ሥር ገባን፤ እኔ ኮምፒውተሬን፣ እሳቸው ከዘራቸውን ታቅፈን። ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት መኪና እየበረረ መጥቶ አለፈ። አፈር ራሳችን ላይ ዘነበ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ዘለለ፤ መኪናው ካለፈም በኋላ ተንቀጠቀጠ። ስጠብቀው የዋልሁት ይኸው ነው። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ፣ ከዘራቸውን እየነቀነቁ ብቅ አሉ።

ሾፌሩ በመስታወት አይቷቸው ኖሮ አቁሞ በድልድይዋ ላይ እየሮጠ ተመለሰ።

«አባ፣ ገጨሁዎት እንዴ?»

«የለም። ድንቅ አድርገህ ነው የነዳኸው።»

ግራ ገባው፤ ቢሆንም የቤተሰባቸውን ደኅንነት ሳይጠይቅ አልሄደም።

በዕድሜ ከሚያንሱኝ አማካሪዬ ጋር አንቱ እንባባላለን። ጅማ ስመለስ ግራፉን ትኩር ብለው አዩት።

«ድልድይዋ መድከሟ ግልጽ ነው። በኋላ የመጡት እነዚህ ትንንሽ ጉብታዎች ግን ምንድን ናቸው?»

«የሾፌሩ እርምጃ ነው። የሰው ደኅንነት ሊጠይቅ ሲመጣ።»

«ይጻፉታ።»

በግርጌ ማስታወሻ ጻፍሁት፤ ተመረቅሁም። ድልድይዋ እስክትጠገን ድረስ ሽማግሌው ዛሬም መሐል ቆመው «ሱታ» ይላሉ አሉ። ዛሬስ ልክ ናቸው።