መርዶ ነጋሪዋ ጥቁር መኪና

በጅቡቲ ከተማ ጥቁር መኪና የሚነዳ ወይ ባለሥልጣን ነው ወይ ጤና የጎደለው። እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሆዳን ሰፈር የምኖር፣ ወደቡ አጠገብ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ። መኪናዋን የገዛኋት ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊሄድ ከተነሳ ፈረንሳዊ ላይ ነው። ረጅም ናት፤ ከኋላ ተጨማሪ ረድፍ ወንበር አላት፤ በሯ ሲዘጋ ድምፁ ያኮራል። ባለቤቴ ገና እንዳየቻት "ነጭ አጥተህ ነው?" አለችኝ። አላጣሁም። ወደድኳት፣ በቃ።

መውደዱ ቀላል ነበር፤ መያዙ ነው ጣጣው። በጋው ገብቶ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ሲነሳ አቧራው ስንጥቅ አይቶ አያልፍም። ቀትር ላይ የበሩን እጀታ በባዶ እጅ መያዝ ስለማይሞከር ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ መሀረብ አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ውሃው ነው። የቧንቧችን ውሃ ጨው ጨው ይላል። ነጭ መኪና ላይ ማንም ልብ አይለውም፤ ጥቁር ላይ ግን ሲደርቅ እንባ የደረቀበት ፊት ያስመስላታል። ስለዚህ የማጥባት ከደጋ በመጣ ውሃ ነበር። ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወዳጅ አለኝ፤ ወደዚህ በወረደ ቁጥር በቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ያመጣልኛል። "ሰው ከደጋ ማር ያስመጣል፣ አንተ ለቆርቆሮ ውሃ ታስመጣለህ" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ኮፈኗ ላይ ፊቱን እያየ ጸጉሩን የሚያበጥረው ግን እሱ ራሱ ነው።

አንድ ጉድለት ነበራት፤ አታቀዘቅዝም። እዚህ አገር ማቀዝቀዣውን ክሊም ይሉታል፤ የእኔ ክሊም ሲከፈት እንደ ምድጃ አፍ ትኩስ ነፋስ ይለቅብሃል። ለራሴ ብሆን ኖሮ መስኮት ከፍቼ እኖር ነበር። ነገሩ የእናቴ ነበር።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ ገባች፤ ልቧ ግን ካርቲየ 2 ቀርቷል። ስንት ዘመን ከጎኗ የኖሩትን ጎረቤቶቿን፣ አረቡንም ሶማሌዋንም፣ በየስማቸው እየጠራች ትጠይቀኛለች። "አንዴ ልያቸው፣ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይሁን" ትለኛለች። የልብ ሕመም አለባት፤ ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛት ብሎ አስጠንቅቋል፤ ከድሬዳዋ በደወሌ ድንበር በኩል እስከዚህ ያለው መንገድ ደግሞ በረሃ ነው። መኪና መግዛቴን ያበሠርኳት ዕለት መጀመሪያ ቀለሟን ጠየቀችኝ። ጥቁር ናት አልኳት።

"ጥቁር ትሁን ቢጫ ምን ቸገረኝ፤ ታቀዘቅዛለች ወይ?"

"ለገና ታቀዘቅዛለች፣ እማዬ። ራሴ መጥቼ አመጣሻለሁ።"

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነበር። ስለ ጤናዋ ስጠይቃት እሷ ስለ ክሊሙ ትጠይቀኛለች።

በዚህ መሀል መኪናዋ ሌላ ሥራ ያዘች። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት አንድ ሰው ሲያርፍ ዘመድ የሚደውለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለእድሩ ዳኛ ነው። የሐዘንተኛው የትዳር ጓደኛ በምስጢር ይነገረዋል፤ ስልክ ሰወር ይደረጋል፤ ከዚያ በማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ገብተው ያረዱታል። አንድ ላይ መግባታቸው ዋናው ነገር ነው። የእድራችን ዳኛ፣ አባቴን በባቡሩ ጊዜ የሚያውቁ አዛውንት፣ ችግራቸውን ነገሩኝ። በታክሲ ሲሄዱ ግማሾቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ቀሪዎቹ እስኪመጡ ስለ አየር ጠባይ እያወሩ ይቀመጣሉ፤ ሐዘንተኛው ግን ፊታቸውን አይቶ ያውቃል። "ያንተዋ ሁላችንንም ትይዛለች" አሉኝ። አባቴን ቀብረውልኛል፤ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ማታ ይደውሉልኛል። "ልጄ፣ መኪናዋን እጠባት" ይሉኛል፤ ሌላ ቃል የለም። ማን ሞተ ብዬ አልጠይቅም፤ አይጠየቅም። ጎህ ሲቀድ በደጋው ውሃ አጥባታለሁ፤ ሽማግሌዎቹን ከየቤታቸው ሰብስቤ የተባልኩበት በር ላይ አቆማለሁ። እነሱ ይገባሉ፤ እኔ መሪ ይዤ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከውስጥ የተሰማው ጩኸት አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ሞተሩን ማጥፋት ረስቼ ክው ብዬ ቀረሁ። ሰው እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አላወቅሁም እንጂ የከተማው አበሻ ሁሉ መኪናዋን አውቋታል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳቆም ሰው ጥጉን ይይዛል። አንዱ ጎረቤቴ ከበሩ ራቅ አድርጌ እንዳቆም በትሕትና ለመነኝ። እኔ ደግሞ ጥርት አድርጌ በማጠቤ ቀንተው ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

ጅልነቴ የገባኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሾፌሩ ወዳጄ ወደብ ወረፋ ላይ ተይዞ መኪናውን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ፣ አንድ ኬሻ ድንች ለባለቤቱ እንዳደርስለት ሰጠኝ። ቤታቸው ካርቲየ 5 ነው። በሩ ላይ አቆምኩ። ባለቤቱ ደጅ ልብስ ስታሰጣ ነበር። መኪናዋን አየች፤ እኔን አየች፤ እጇ ላይ የነበረው እርጥብ አንሶላ መሬት ወደቀ። "ወይኔ ባሌ! ወይኔ ጌታዬ!" ብላ ደረቷን እየደቃች ቁጭ አለች። ጎረቤት በሙሉ ወጣ፤ ሶማሌዎቹም አብረው ያለቅሳሉ፤ አንዲት አሮጊት "ያ አላህ" እያሉ ጭንቅላቷን አቀፉ። እኔ ድንቹን ታቅፌ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ስንት ጊዜ መሪ ይዤ ከሩቅ የሰማሁት ጩኸት ፊቴ ላይ ፈነዳ፤ ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

"ድንች ነው!" አልኩ በመጨረሻ። "እትዬ፣ ድንች ነው! ሰውየው ወደብ ነው ያለው!"

ማንም አልሰማኝም። ስልክ ደውዬ ጆሮዋ ላይ ባስይዛት የባሏ ድምፅ "ድንቹ ደረሰሽ?" አላት። ከዚያ ተነሥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ኮፈኗን በጫማ ትቀጠቅጠው ጀመር። "ሁለተኛ ይህችን የሬሳ መኪና በሬ ላይ እንዳላያት!" አለችኝ። ኬሻውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ለዳኛው ነገርኳቸው። ነጭ ላስቀባት ወይ ልሽጣት ብዬ ወሰንኩ አልኳቸው። "ነጭ ብትቀባት ከወር በኋላ ነጭ መኪና መፍራት ይጀምራሉ" አሉኝ። "ሰው የሚፈራው ቀለሙን መሰለህ?" ለእናቴም በስልክ ነገርኳት፤ ድንቹ ላይ ስደርስ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ሳሉ ሲለቃት ምን እንዳለችኝ መቼም ታውቁታላችሁ።

አታቀዘቅዝም ነበር። ካርቲየ 5 ጋራዥ ያለው የመናዊ መካኒክ፣ አማርኛውን ድሬዳዋ የተማረ፣ የክሊሙ ኮምፕሬሰር እንደሞተና አዲሱ ከዱባይ እንደሚመጣ ነገረኝ። "ኢንሻላህ በሚቀጥለው መርከብ" ይለኛል። መርከብ ይመጣል፤ ኮምፕሬሰር የለም። ዕቃ ከወደብ ማስወጣት እንጀራዬ ሆኖ አንድ የራሴ ዕቃ መንገድ ላይ መቅረቱ እሳት አስተፋኝ። ሰውየው ላይ ጮህኩበት፤ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ደግሞ ጮህኩበት። ገና ቀረበ። በስልክ የእናቴ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ፤ እኔ ግን መስመሩ ነው እል ነበር።

ኮምፕሬሰሩ የገና በዓል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደረሰ። መካኒኩ አሥሮ ሲጨርስ አብረን ገብተን በሮቹን ዘጋን። መጀመሪያ ትኩስ መጣ፤ ቀጥሎ ለዘብ አለ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። እውነተኛ ቅዝቃዜ፣ የደጋ ቅዝቃዜ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን። "ለእናትህ ብርድ ልብስ ያዝ" አለኝ። በመንገዴ ለጋቢናው ወንበር ትራስ ገዛሁ፤ ወገቧን የምታስደግፍበት።

ማታ ድሬዳዋ ደወልኩ። ያነሳችው እህቴ ናት፤ ድምፅዋ ታፍኗል።

"ጉንፋን ነው" አለችኝ።

"እማዬስ?"

"ተኝታለች።"

"አትቀስቅሻት። ስትነሣ ግን ታቀዘቅዛለች ብለሽ ንገሪያት። እሷ ይገባታል።"

አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ "እነግራታለሁ" አለች።

ስልኩን እንደዘጋሁ ባለቤቴ ቻርጅ ላድርገው ብላ ወሰደችው። ራት አልበላችም፤ ራሴን አሞኛል አለች። እኔ፣ ስንት ሰው በር ላይ የቆምኩ፣ ስልክ ሰወር አድርጉ ሲባል በጆሮዬ የሰማሁ ሰው፣ ትራሱን ጋቢናው ላይ አድርጌ ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሁሉንም ምልክት አንድ በአንድ አውቀው ነበር።

ጎህ ሲቀድ የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። የመኪናዋን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። የእድሩ ዳኛ፣ ያን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናዬን ያጥባሉ። ቢጫው ጀሪካን እግራቸው ሥር ነው። ማታ አልደወሉልኝም። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቅሬታ ነው።

"አባባ፣ ምነው ሳይደውሉልኝ? እኔ አላጥባትም?"

"ግድ የለም ልጄ። ዛሬ እኛ እናጥባት።"

"ማን ጋ ነው?" አልኳቸው። የማይጠየቀውን ጠየቅሁ።

ጨርቁን ጨምቀው ኮፈኑ ላይ አኖሩና እርጥብ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ቁልፉን ስጠኝ።"

"እኔ እነዳለሁ እንጂ፣ ምን ነካዎት?"

በዚህ ጊዜ የግቢው በር ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ገቡ። ከኋላቸው ሾፌሩ ወዳጄ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። አጠገቡ ያቺ ኮፈኔን በጫማ የቀጠቀጠች ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አንድ በአንድ አየኋቸው። ማንም ወደ መኪናዋ አልሄደም። ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ቆሙ። ያኔ ዞር ብዬ መኪናዋን አየሁ፤ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ልክ መርዶ በምታመጣበት ጠዋት እንደምትሆነው ሆና፣ በእኔ በር ላይ ቆማለች።

ጮኸ ይሉኛል። አላስታውስም። የማስታውሰው ዳኛው ከእጄ ጣት በጣት እየፈለቀቁ ቁልፉን ሲወስዱ፣ እኔም መልሼ ለመያዝ ስታገል ነው። ቁልፉን ከሰጠኋቸው እውነት ይሆናል ብዬ ይሆናል። የሾፌሩ ሚስት ትከሻዬን ይዛ "እኔን፣ እኔን ወንድሜን" እያለች ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም። ደርቄያለሁ። አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ኮምፕሬሰሩ ብቻ ነው፤ እኮ ትናንት ታሥሯል፣ እኮ ደርሷል እያልኩ ለማን እንደሆነ እንጃ እከራከራለሁ።

መኪናዋን ያጠቧት ለመንገድ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ቀብሩ እኔን ይጠብቃል። ሐዘንተኛ አይነዳም፤ መንገዱን እንደ መዳፉ የሚያውቀው ሾፌሩ መሪውን ያዘ። ባለቤቴና ሽማግሌዎቹ ከኋላ ሞሉ። እኔን ጋቢና አስገቡኝ፤ ትራሱ ላይ ተቀመጥኩ። ላነሣው አልቻልኩም።

ከተማውን ለቀን በረሃው ሲጀምር ሾፌሩ ክሊሙን ከፈተ። መጀመሪያ ትኩስ መጣ፤ ቀጥሎ ለዘብ አለ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። ውጭ ድንጋዩ ይነድዳል፤ ውስጥ ጉልበቴ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

"ታቀዘቅዛለች" አልኩ።

ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና "ልቀንሰው?" አለኝ።

"አይ" አልኩት። "ተወው፤ እንዲሁ ይሁን።"