የምሥራቅ የውኃ ጨርቅ

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2024 እኅቴ ምሥራቅ ዩለስ ከተማ ባለው አፓርትመንቷ፣ ግማሹ የተቆረጠ ካርቶን ከነመቀሱ ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣች። ቻይንኛ መጻፍ መማሪያ ካርድ ነበር፤ በፊቱ ፊደሉ፣ በጀርባው የጭረቶቹ ተራ በቀይ ቁጥር። ማታውኑ ልቧ ቆመ።

ቻይና፣ ናንጂንግ ምሕንድስና ተምራ ነበር። እዚህ ሆስፒታል እየሠራች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ልጆችን ቻይንኛ መጻፍ ታስተምር ነበር። አንድ ግራጫ ጨርቅ ነበራት። ብሩሹን ውኃ ነክረው ይጽፉበታል፤ ሲደርቅ ጽሕፈቱ ይጠፋል፤ እንደገና ይጽፋሉ። እየጻፉ «አግድም! ቁልቁል! ነጥብ!» ብለው በአንድ ድምፅ ሲጮኹ አዳራሹ ሀሁ የሚቆጠርበት ቤት ይመስል ነበር።

የወጣቶች ኃላፊው ታዲዮስ ቻይንኛ መጻፍ የሚያስተምር አፕ የተጫነበት ታብሌት አስገዛ። ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ «እኅት ምሥራቅ፣ ጨርቅ ማራስ ጊዜው አልፎበታል። ማለቴ፣ አፑ ራሱ ኮሬክት ያደርጋቸዋል። ሶ፣ አንቺ ሻዩን ብታግዢን» አላት። ሳቁ። የሳቁትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

ምሥራቅ ሻዩን ቀዳች። ይቅር ግን አላለችም።

አፑ ልጆቹ ጭረት ሲጀምሩ ቀሪውን ራሱ እንደሚሞላላቸው አየች። በወላጆች ቀን ጨርቁን መድረክ ላይ ዘረጋች።

«ታዲ፣ እስቲ ልጅህ ስሟን በቻይንኛ ትጻፍልን!»

ትንሿ ሐዳሳ አንድ አግድም ጭረት አሰመረችና ቆመች። ውኃው ከብሩሹ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«ቀጥሎ ምንድን ነው?» አለች። ማንም አልነገራትም። አለቀሰች። የታዲዮስ ፊት ጠቆረ።

«ኦኬ፣ አፑን ኮል አድርግላት» አለችው ምሥራቅ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «እኔ ማሳፈር የፈለግሁት አባቷን ነበር» አለችኝ።

«አገኘሽው እኮ!»

«ያገኘሁትማ እሷን ነው።»

ታዲዮስ በቀብሯ ላይ «ትሑት አገልጋያችን» ብሏታል። ትሑት አልነበረችም። ያዋረዳትን ሰው ቃል የመጨረሻው ቃል ሆኖ እንዲቀር አልፈቅድም፤ ስለዚህ ያደረገውን ከነስሙ ጽፌ አኑሬአለሁ። እሷም ያደረገችውን አልደበቅሁም።

በሞተችበት በዚያ ቀን፣ የሌሎቹ ልጆች ካርድ ሳያልቅ፣ የሐዳሳን ብቻ ይዛ እነ ታዲዮስ ቤት፣ ሮውሌት ከተማ ድረስ ነዳች። በሩን የከፈተችው ራሷ ሐዳሳ ናት፤ ይህን የነገረችኝም እሷ ናት።

«አንቲ ምሥራቅ? ዳዲን ልጥራው?»

«ተዪው። ያን ቀን ያላንቺ ጥፋት አስለቀስኩሽ። ይኸው፣ ስምሽ ነው፤ በቁጥሩ ተከተዪው። ስትችዪ እሱ ፊት ጻፊው፣ ዓይኑ እያየ።»

ካርዶቹን፣ ብሩሹንና የታጠፈውን ጨርቅ አስረክባት ወደ መኪናዋ ተመለሰች።