በአቧራ ላይ የዘመተው ሰው

ሰፊው የቆቦ ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! ሽርጥ ያገለደመ፣ በትር የያዘ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከዛሬ ጀምሮ በአቧራ ላይ ጦርነት አውጇል።

ሰውየው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ ቀይ ስፖርት መኪና አለችው። ከውዳቂ ብረት አንስቶ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ የጠገናት ናት። ቅዳሜ ደሴ ላይ ለአሮጌ መኪኖች ትርኢት ትቀርባለች። እናም እሷን የሚጭንበት ዝግ ተሳቢ ሊመርጥ፣ እኔ ወደምሠራበት፣ ተሳቢ ሠርቶ ወደሚሸጠው ወደ ኡበይድ ብየዳ ቤት መጣ። ሰንጋ እንኳ በክፍት አይሱዙ በሚሄድበት አገር!

ሜትር አልያዘም፤ የመኪናዋን ልክ በትሩ ላይ በቢላ ምልክት አድርጓል። የመጀመሪያውን ተሳቢ ገብቶ ለካና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ጋሼ፣ መኪናዋ ትገባለች!» አለ ኡበይድ።

«እሷስ ትገባለች። ውስጥ በሯ ካልተከፈተ እኔ ነጂው በየት ልውጣ? እዚያው ልቀበር?»

ሳቄን ዋጥኩ። ሰፊውን ተሳቢ ሁለት ጊዜ ለካና መረጠው።

«ደሴዎች ቆቦ አቧራ ብቻ ናት ይላሉ» አለ። «እንደ ሙሽራ ተሸፍና ሄዳ፣ እዚያው ትገለጥላቸው!»

«ሁለተኛው ወንበር የማን ነው?» አለው ኡበይድ።

«ትርኢቱ ካለቀ በኋላ የምትቀመጥበት ሰው አለች» ብሎ ሽርጡን አስተካከለ።

አንባቢ ሆይ፣ ቅዳሜ ደሴ ከሆንክ ጣትህን በዚያች ቀይ መኪና ላይ አሻሽ። ጣትህ ንጹሕ ከተመለሰ ግን፣ እባክህ፣ ስለ ቆቦ አቧራ ያልከውን ሁሉ መልሰህ ዋጠው…