የላይኛው ኩሬ

የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ሽታ አሁንም ድንገት ይመጣብኛል፤ መራራ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ነው፤ በመጣ ቁጥርም ሙቀጫው ፊት ቁጭ ብላ በደስታ የምትወቅጠውን ያችን የሰባት ዓመት ልጅ እጇን ይዤ ባስቆማት እላለሁ።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም በታች፣ ላህ ወንዝ ዳር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጠራ፣ ከእርሻችን ሥር ካለው ኩሬ አንዲት አቆስጣ ሁለት ልጆቿን አስከትላ ብቅ ትል ነበር፤ ጢማም፣ ጠጉሯ ቅቤ እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ የውሃ አውሬ ነበረች፤ ዓሣዋን ይዛ ትወጣና ድንጋይ ላይ ሆና ከራሱ ጀምራ ትቆረጥመው ነበር። እኔም ውሃ ልቀዳ ወርጄ እንስራዬን ረስቼ እሷን አይ ነበር። ጥቅምት ላይ አንዱን ልጇን ንስር ወሰደባት። የዚያን ዕለት እራት አልበላሁም፤ የቀረው እንዲያድግላት ብዬ በየማለዳው እየወረድሁ ንስሩን በጩኸት አባርር ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ ወንዙ ሲጎድል፣ አባቴ እንደ አገሩ ልማድ ብርብራ አስወቅጦ ኩሬ ውስጥ ይበትን፣ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍም በቅርጫት ይለቅም ነበር። እናቴ ዓሣ በጾም መበላቱን ስለማትወድ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ግን በዚያ ዓመት የፈራሁት ለአቆስጣዋ ነበርና የአባቴ እግር ላይ ወድቄ ለመንሁት።

«አባዬ፣ የእሷን ኩሬ ይተዉላት፤ ከላይኛው ያድርጉት።»

ትንሽ አየኝና «እሽ፣ ከላይኛው ይሁንልሽ» አለኝ።

ያዳንኋት መስሎኝ ከማንም በላይ ወቀጥሁ። ውሃ ወደ ታች እንደሚወርድ አላሰብሁም። በማግስቱ የእሷ ኩሬ ሆዳቸውን ገልብጠው በተንሳፈፉ ዓሦች ተሞልቶ ነበር፤ የቻልነውን ለቀምን፣ የቀረው ሸተተ፣ ኩሬውም ባዶ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ረኃብ ያወጣት አቆስጣ ልጇን አስከትላ እርሻው መካከል ስታልፍ የጎረቤት ውሾች አገኟት። እኔ ስደርስ ሞታለች፤ ትንሹ ግን አምልጦ ውሃው ውስጥ ገባ። ለጥቂት ቀናት እያፏጨ ሲጣራ እሰማው ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አባቴን «ውሃው እንደሚወርድ ያውቁ ነበር?» ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ዛሬ በሰፈራችን ብርብራ የሚወቅጥ የለም፤ የሚለቀም ዓሣም የለማ! ላህ በበጋ በሞተር ተስቦ ወደ መስኖ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ባሌም የአረም መድኃኒት ረጭቶ ሲመለስ መርጫውን የሚያጥበው እዚያው ነው። ልጄ አቆስጣ አይታ አታውቅም፤ የምታይም አይመስለኝ። ያኔ ያጠፋሁት ሳላውቅ ነበር። አሁን ግን ውሃው ወዴት እንደሚወርድ እያወቅሁ፣ ባሌ የደከመው ቀን መርጫውን ተቀብዬ እኔው አለቀልቅለታለሁ።