ጎመኔን የበላው ድኩላ

ዛሬ ጠዋት፣ ስፈልገው የከረምኩት ድኩላ ግቢዬ ገብቶ ጎመኔን ሲበላ አገኘሁት።

አርባ ምንጭ ከተዛወርኩ ወዲህ አደን የሚፈቀድበት መሬት ስፈልግ ጠመንጃዬ አልጋ ሥር ጡረታ ወጥቷል።

ቆላውን ስጠይቅ «ፓርክ ነው» ተባልኩ።

ደጋው ላይ ጨንቻ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ደኑን አሳይተው «እዚህ እንኳን ደም ሊፈስ ቅጠል አይቀነጠስም፤ የአባቶች ነው» አሉኝ።

አንድ ሙዝ አምራች ደግሞ መሬቱን ከልክሎኝ ሙዝ አሸከመኝ። አዳኝ ሆኜ ወጥቼ ጦጣ ሆኜ ገባሁ።

እናም ዛሬ ድኩላው በእግሩ ሲመጣልኝ የግቢውን በር ዘግቼ አከራዬን እማማ አልማዝን ጠራሁ።

«እማማ፣ ድኩላ ገብቷል። ልያዘው?»

«ምን ነካህ ልጄ? ቤትህ ድረስ የመጣ ይነካል? በል በሩን ክፈትለት።»

«ጎመኔን እኮ ጨረሰው።»

«አንተስ የሰው አገር መጥተህ እየበላህ አይደል? ማን ነካህ?»

በሩን ከፈትኩ። ድኩላው ግን አልቸኮለም፤ የቀረችውን ጎመን ጨርሶ ነው የወጣው።

የአደን መሬት ሲፈልግ ከርሞ የራሱን ጓሮ ለታዳኙ ያስረከበ ሌላ ሰው ካለ እዚህ ሥር ይጻፍልኝ፤ አብረን እንናደድ።