የእትዬ ዘነበች ካራ

ይህን ኮላ የፈለሰፈውን ሰው ባገኘው ጥሩ አድርጌ እሰድበው ነበር! ሁለት ጣቶቼ ካርቶን ላይ ተጣብቀው በአንድ እጅ ነው የምጽፍላችሁ።

ከእህቴ ልጆች ጋር ጠረጴዛ ላይ ለምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የነበረችውን የጎሬ ከተማ በካርቶን እዚህ መቱ ቤቴ ውስጥ እየሠራሁ ነው። ጣሪያው የመጥረጊያ ሣር፣ መሬቱ የቡና ገለባ። (ከንቲባዋ እኔ ነኝ፤ የሚሰግድልኝ ግን ጠፋ።)

ከቤቶቹ አንዱ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች የተወለዱበት ነው። አባታቸው ከዚያ ቤት ወደ ጦርነት ወጥተው አልተመለሱም።

«ካራውን አደራ» አሉኝ። ካራ በኦሮምኛ የግቢ በር ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ቢላዋ። እያወቅሁ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቢላዋ ሠርቼ ወሰድኩላቸው።

«አንተ ቀልማዳ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ እንባቸውን ጠረጉ። «በሩን ስትሠራው ክፍት አድርገው። እናቴ ይመጣል እያለች እስክትሞት አልዘጋችውም።»

ዛሬ ጠዋት ቀበርናቸው።

ከቀብር መልስ በሩን ሠራሁት። ኮላው እስኪደርቅ ካልያዝኩት ግን ተመልሶ ይዘጋል። ጣቶቼ የተጣበቁት ለዚህ ነው።

እናንተስ፣ ለአንድ ሰው ብላችሁ ጀምራችሁት ሰውየው ሳያየው የሄደባችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ እጄ እስኪለቀቅ አነባለሁ።

ቆዩ፣ በር ተንኳኳ። መነሳት አልችልም። «ግቡ፣ ክፍት ነው!»

ልጃቸው ናት። ከለቅሶው ድንኳን ወጥታ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጣች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ካራውን ከፈቱት?»